ፎር ዊል ሲገባ የሚጮህ ላንድክሩዘር፦ ትራንስፈሩ ከመውረዱ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በፈረንጆቹ 1996 የተሠራ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አለኝ። ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ፍሪ ሀብ በእጅ የሚቆለፍ ነው። ከመሐል ሜዳ በጣርማበር አድርጌ ደብረ ብርሃን እመላለሳለሁ። ከክረምቱ ወዲህ ፎር ዊል ሳስገባ ከእግሬ ሥር ጉምጉምታ ይሰማኛል፤ መሪ አጥብቄ ሳዞር ደግሞ ከፊት ቀጭ ቀጭ ይላል። ፎር ዊሉን ሳወጣ ድምፁ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ትንሿ ማርሽ አልወጣም ብላ ታስቸግረኛለች። አንዱ መካኒክ ትራንስፈሩ ወርዶ ይፈታ ይላል፤ ሌላው የፊት ዲፈረንሻሉ አልቋል ይላል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የለኝም። ከየቱ ልጀምር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ከሁለቱም አትጀምር። ትራንስፈር፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ማውረድ ብዙ ጉልበትና ብር የሚበላ ሥራ ነው። ዲፈረንሻል፣ ማለትም አክስሉ ላይ ሆኖ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ጥርስ፣ መፍታት ደግሞ በልኩ መልሶ የሚገጥመው ሰው ካልተገኘ ደኅናውን አበላሽቶ የሚመልስ ሥራ ነው። መካኒኮቹ ልክ ሊሆኑም ሊሳሳቱም ይችላሉ። እኔን ያሳሰበኝ አንዳቸውም መኪናውን ነድተው ስለመሞከራቸው ምንም አለመጻፍህ ነው። ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው የዚህ ዕድሜ ላንድክሩዘር ሁለመናው ይጮሃል።

«ከእግሬ ሥር» ማለትህንም እንዳለ አልቀበለውም። መኪናህ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል፣ ባሌስትራና የብረት ሻንሲ ያለው ነው። የፊት ዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ሲያጉረመርም ድምፁ በባሌስትራው ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ወለሉ ይሄድና ለሹፌሩ ትራንስፈሩ የጮኸ ይመስለዋል። ተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ስለዚህ «ከየት ይመጣል?» የሚለውን ለኋላ አቆይተህ «መቼ ይመጣል፣ መቼስ ይጠፋል?» ብለህ ጀምር።

በዚህ ረገድ የአንተ መኪና ከብዙ አዳዲሶቹ ይሻላል። በእጅ የሚቆለፈው ፍሪ ሀብ (የፊት ጎማውን ከሰሚያሱ፣ ማለትም ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው) እና ትንሿ ማርሽ (ፎር ዊሉን የምታስገባው) አንድ ላይ ሆነው አራት ሁኔታዎች ይሰጡሃል። በእያንዳንዱ ሁኔታ የሚዞረው ዕቃም ጭነት የሚሸከመውም ይለያያል፤ ቁልፍ ሳታነሣ መኪናውን በአራት ከፋፍለህ ትመረምረዋለህ ማለት ነው። ጠጠር ወይም አፈር የሆነ፣ ቀጥ ያለና ሰው የማይበዛበት ቦታ ፈልግ፤ በመሐል ሜዳ በኩል እንዲህ ያለ ሜዳ አታጣም። መስኮቶቹን ክፈት፣ ሬዲዮኑን አጥፋ፣ ከኋላ የሚንኳኳ ክሪክና ሰንሰለት ካለ አውርድ። ይህን የምልህ ሳልቀልድ ነው፤ ያልታሰረ ክሪክ ብዙ ዲፈረንሻል ሲያስፈታ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ሀቦች ፍሪ ላይ አድርገህ ትንሿን ማርሽ ኤች 2 ላይ (ጉልበቱ ለኋላ ጎማዎች ብቻ በሚደርስበት) ተውና ንዳ። በዚህ ጊዜ የፊት ሻፍቱ (ከትራንስፈሩ ወደ ፊት ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ)፣ የፊት ዲፈረንሻሉና ሰሚያሶቹ አይዞሩም፤ ከፊት የሚዞረው ጎማውና የጎማው ኩሽኔታ ብቻ ነው። ድምፁ እዚህም ካለ ጉዳዩ የፎር ዊል አይደለም፤ ጎማውን፣ የጎማ ኩሽኔታውን ወይም የኋላውን አክስል መርምር። ቀጥሎ ቁምና ሁለቱንም ሀቦች ቆልፍ፤ ማርሿ ግን ኤች 2 ላይ ትቆይ። አሁን ጎማዎቹ ራሳቸው ሰሚያሶቹን፣ ዲፈረንሻሉንና የፊት ሻፍቱን ያዞራሉ፤ ነገር ግን የሞተር ጉልበት አይደርሳቸውም። በሦስተኛው ዙር ሀቦቹን ወደ ፍሪ መልስና ኤች 4 (የተለመደውን ፎር ዊል) አስገባ። አሁን ደግሞ ትራንስፈሩ የፊት ሻፍቱንና ዲፈረንሻሉን ያዞራል፤ ጉልበቱ ግን ጎማ ላይ ሳይደርስ ሀቡ ጋ ይቀራል። በመጨረሻ ሀቦቹን ቆልፈህ ኤች 4 አስገባ፤ ይህ ሁሉም ነገር ጭነት ተሸክሞ የሚዞርበት ነው። በአራቱም ዙር ፍጥነትህን አንድ ዓይነት አድርግ፤ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ጉምጉምታው በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዙር ከተሰማ የፊት ሻፍቱን ወይም የፊት ዲፈረንሻሉን ጠርጥር፤ ትራንስፈሩን ተወው። በሦስተኛው ተሰምቶ በሁለተኛው ከጠፋ ያን ጊዜ ዓይንህን ወደ ትራንስፈሩ አዙር። በሁለተኛው ብቻ ከተሰማ ሀቡን ራሱን ፈትሽ። በአራተኛው ብቻ ከመጣ ደግሞ ጭነት የሚያስጮኸው ነገር ነው፤ የሰሚያሱ ባለኳስ ጆይንት፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ወይም ከዚህ በታች የማነሣው የአስፋልት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልንገርህ። በኤች 2 እያለህ ግራውን ሀብ ብቻ ቆልፈህ ጥቂት መቶ ሜትር ንዳ፤ ከዚያ ግራውን ፍታና ቀኙን ብቻ ቆልፍ። አንዱ ብቻ ሲቆለፍ የፊት ሻፍቱ ብዙውን ጊዜ ይቆምና ሌላኛው ሰሚያስ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፁ በግራ ብቻ ከመጣ የግራው ጎን ነው። በሁለቱም እኩል ከመጣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ይጠረጠራሉ፤ በዚህ አነዳድ የሚሠሩት እነሱ ናቸውና። በዚሁ ምክንያት እንዲህ አድርገህ ሩቅ አትሂድ።

አሁን ወደ አስፋልቱ ልምጣ፤ ከጥያቄህ ውስጥ በጣም የከነከነኝ «ማርሿ አልወጣም ትላለች» የሚለው ነው። ከመንዝ በኩል ስትመጣ ጭቃው ላይ ፎር ዊል ታስገባለህ፣ ጣርማበር ላይ ከዋናው አስፋልት ትገናኛለህ። እዚያ ደግሞ ጉሙ ይወርዳል፣ ካፊያ አለ፣ ሹፌሩ «ለማንኛውም ይኑር» ብሎ ፎር ዊሉን ሳያወጣ ይቀጥላል። አንተም እንደዚያ የምታደርግ ከሆነ የድምፅህ ግማሽ ብልሽት አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በመኪናህ ትራንስፈር ውስጥ የፊቱንና የኋላውን የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችል መካከለኛ ዲፈረንሻል የለም። ኤች 4 ሲገባ የፊትና የኋላ ሻፍቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ አንዱ አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም የግዱን አንድ ዙር ይዞራል። መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ረጅሙ ሃርድቶፕ በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2 ሜትር ከ98 ሳንቲሜትር ርቀት አለው። የኋላው አክስል መሐል በ6 ሜትር ራዲየስ ክብ ላይ ቢዞር የፊቱ በ6.7 ሜትር ራዲየስ ላይ ይዞራል። የኋላው 10 ሜትር ሲሄድ የፊቱ 11 ሜትር ከ17 ሳንቲሜትር ገደማ መሄድ አለበት ማለት ነው። ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያወራርደዋል። አስፋልት ላይ ግን ጎማው ይይዛል፤ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት እንኳ ከጭቃ ጋር ሲወዳደር የደረቀ ነው። ልዩነቱ መሄጃ ሲያጣ በሻፍቱና በሰሚያሱ ላይ እየተጠመዘዘ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ፍሬን የተያዘ ያህል ይጎተታል፣ ከዚያ አንዱ ጎማ በድንገት ሲያመልጥ ከሥር «ዷ!» ይላል። ማርሿም አልወጣም የምትለው ውስጥ ያለው ጥርስ በዚህ ጥምዘዛ ተጨምቆ ስለተያዘ ነው። በኃይል አትጎትታት። መሪውን ቀጥ አድርገህ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድ፤ ጭነቱ ሲላላ በራሷ ትወጣለች።

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ፎር ዊል አስገብተው የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ «ፍሬን ያግዛል» ይላሉ። ቁልቁለት ላይ የሚያግዘው ከባዱ ማርሽ ነው። ኤች 4 በአስፋልት መታጠፊያ ላይ የሚያተርፍልህ የተበላ ጎማና የደከመ ጆይንት ብቻ ነው።

አስፋልት ላይ ፎር ዊል ፈጽሞ አልነካም የምትል ከሆነ ደግሞ ጎማዎችህን ተመልከት። ብዙ ሰው ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛና ከፊት ያስራል፣ ያለቁትን ወደ ኋላ ያዞራል። ለተራ አነዳድ ችግሩ አይጎላም፤ ለፎር ዊል ግን ጠንቅ ነው። የአንተ ዓይነት መኪና በብዛት የሚጫማው 7.50 በ16 ጎማ ዙሪያው በግምት ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ከኋላ ያለው ጎማ ጥርሱ በ10 ሚሊሜትር ካነሰ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከፊቱ ወደ 10 ዙር ያህል ብልጫ መዞር ይኖርበታል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ቢሆን ያ ሁሉ ዙር ሻፍቱ ላይ ይጠራቀማል። የአየር ልዩነትም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዱ አክስል ላይ በደንብ ተነፍቶ ሌላው ላይ የላላ ከሆነ ድምፁ ፎር ዊል ሲገባ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ጎሚስታ ጋ ሄደህ አራቱን አስለካ፣ ዙሪያቸውንም በሜትር ለካ። ከዚህ የረከሰ ምርመራ የለም። ማንም የማያደርገውም ይህንኑ ነው።

ይህን ካለፍክ በኋላ ድምፁ ካለ ፍጥነቱን ቁጠር። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ላንድክሩዘሮች ዲፈረንሻሉ 4.1 ለ1 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጎማው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከሩብ ገደማ ይዞራል፣ ሻፍቱ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ። በጣትህ ልትቆጥረው የምትችለው ቀስ ያለ ምት ከጎማው፣ ከሰሚያሱ ወይም ከኮሮናው (በዲፈረንሻሉ ውስጥ ካለው ትልቁ ጥርስ) ወገን ነው። ሊቆጠር የማይችል ጥድፊያ ወይም ንዝረት ከሻፍቱ፣ ከክሮቼራው (በሻፍቱ ጫፍ ካለው ባለመስቀል መገጣጠሚያ) ወይም ከፒኞኑ (ኮሮናውን ከሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ወገን ነው። አንተ «ቀጭ ቀጭ» እና «ጉምጉምታ» ብለህ ለይተህ መጻፍህ ሁለት የተለያየ ነገር እንዳለ ያስጠረጥረኛል። ሁለቱ መካኒኮች የተለያየ ነገር የነገሩህም ምናልባት አንዳቸው አንዱን ድምፅ፣ ሌላው ሌላውን ስለሰሙ ይሆናል።

ቀጭ ቀጩን እንያዝ። መሪ ጠምዝዘህ ፎር ዊል ውስጥ ሆነህ ስትጎትት የሚሰማ፣ መሪ ስታቃና የሚጠፋ ምት የሰሚያሱ ባለኳስ ጆይንት ነው ብዬ በብዙ እርግጠኝነት እነግርሃለሁ። ይህ ጆይንት ከጎማው ጀርባ ባለው ክብ የብረት ኳስ ውስጥ የተቀበረው፣ ስድስት ኳሶች ያሉት መገጣጠሚያ ነው። ኳሶቹ የሚሮጡበት ቦይ በዕድሜ ይጎደጉዳል፤ ሰፊ ማዕዘን ላይ ጭነት ሲመጣባቸው ከጉድጓዱ እየዘለሉ ይወጣሉ። ለመፈተሽ አፈር ላይ ሀቦቹን ቆልፈህ ኤል 4 (ቀርፋፋውንና ጉልበታሙን ፎር ዊል) አስገባ፣ መሪውን እስከ ጫፍ አዙርና በዝግታ ክብ ሥራ። ቀኝም ግራም ሞክር። አንድ ሰው ከመኪናው ጎን ራቅ ብሎ እየተራመደ ያዳምጥ፤ ከውስጥ ሆነህ የቱ ጎን እንደሆነ ትስታለህ። መሪ እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ ወደ ኋላ በኃይል መጎተት ግን አይሞከርም፤ የደከመ ጆይንት የሚሰበረው በዚያ ነው።

ጆይንቱ ከሆነ ምት ስለሰማህ ብቻ በዚህ ሳምንት አይበጠስም። ሲፈታ ግን ውስጡን በደንብ አይተህ ወስን። ቦዮቹ ላይ ስንጥቅ ከሌለና ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ የግራውን ጆይንት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር የታወቀ ዘዴ ነው። ጆይንቶቹ ወደ ፊት ሲጎትቱ የሚበላው አንዱ የቦዩ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ጎን ሲቀየር ኳሶቹ ባልተበላው ግድግዳ ይሮጣሉ። ልብ በል፣ የሚዛወረው ጆይንቱ ብቻ ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክስሉ መሐል ወደ ጎን ስላለ የውስጥ ሰሚያሶቹ ርዝመት አይመሳሰልም። ይህ ለገጠር መንገድ ተጨማሪ ጥቂት ዓመት ሊሰጥህ ይችላል። ተሰንጥቆ ካየኸው ግን ጎን መቀየር የለም፣ አዲስ ነው።

ጆይንቱ ለምን እንደተበላ ሳታውቅ ደግሞ አትዝጋው። ከዲፈረንሻሉ በኩል ዘይት የሚያግደው የውስጥ ፓራኦሊዮ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ኳሱ ቤት ይገባና ግራሶውን አቅጥኖ ያጥበዋል። ምልክቱ ከውጭ ይታያል፤ ከጎማው ጀርባ ያለው ክብ ብረት ላይ ጥቁር ቀጭን ዘይት ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም የፍሬን ሸራ ድረስ ይደርሳል። ፓራኦሊዮው ሲቀየር ሰሚያሱ ላይ እሱ የሚነካበትን ቦታ በጥፍርህ ዳስሰው። ከተቦረቦረ አዲሱም ፓራኦሊዮ ቶሎ ያፈሳል። ግራሶው ሞሊብዲነም ያለበት፣ ለጆይንት የተሠራው ይሁን፤ ለክሮቼራ የተገዛውን ተራ ግራሶ እዚያ ውስጥ የሚጠቀጥቁ አሉ።

መኪናው በክሪክ ከተነሣ ላይቀር የጎማውን ኩሽኔታ አብረህ ፈትሽ። የኋላ ጎማዎችን በታኮ አስይዝ፣ አክስሉን በመቆሚያ ደግፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ግፋና ሳብ። ልል ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ልሉ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ብዙ ጊዜም በ54 ቁጥር ቁልፍ ዳዶውን አስተካክሎ በመቆለፍ ይድናል። ፍሬን ተረግጦም ልሉ ካለ ጎማው መሪ ሲዞር የሚዞርበት የላይና የታች ኩሽኔታ ነው። ያኛው ኮረኮንች ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል እንጂ ፎር ዊል ሲገባ ብቻ አይጮህም፤ ስለዚህ ቢገኝም የአንተ ጉምጉምታ መልስ ነው ብለህ አትደምድም።

ወደ ጉምጉምታው እንሂድ። ከሥር ገብተህ የፊት ሻፍቱን በእጅህ ይዘህ ወዲያና ወዲህ ጠምዝዘው፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅንቀው። ክሮቼራው በመስቀሉ ላይ ልል ካለው ወይም በኩባያዎቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ ግራሶ አጥቶ ደርቋል ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ የሠራ ሻፍት ግራሶ ካልተነፋበት ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጭቃና ውሃ የደረቀ ክሮቼራን በቶሎ ይጨርሳሉ። በቅርቡ ሻፍቱን ያስፈታህ እንደሆነ ደግሞ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እይ። ተንሸራታቹ ጥርስ ወጥቶ በአንድ ጥርስ ተዛብቶ ከተመለሰ ሻፍቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሀቡ ፍሪ ሆኖ በኤች 2 ስትነዳ ሻፍቱ ስለማይዞር ምንም አትሰማም፣ ሀቡ ሲቆለፍ ይጀምራል። ከመፍታት በፊት በቀለም ምልክት ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሻፍቱ ደኅና ከሆነ ብቻ ዲፈረንሻሉን ጠርጥር። እሱን ለመፈተሽ የተፈጠረ የሚመስል መንገድ አለህ። የላላ ጠጠር ያለበት አቀበት ላይ ፎር ዊል አስገብተህ ነዳጅ እየሰጠህ ውጣ፤ ያንኑ መንገድ ነዳጅ ለቀህ፣ በማርሽ ይዘህ ውረድ። ሲወጣ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የኮሮናና ፒኞኑ የመጎተቻ ፊት ነው። ሲወርድ ብቻ የሚያለቅስ ከሆነ የተገላቢጦሹ ፊት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቶ ፒኞኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መላወስ ጀምሯል። ነዳጅ ስትሰጥም ስትለቅም ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ደግሞ ኩሽኔታ ነው፤ ጥርስ አይደለም። ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ በጊዜው ተቀይሮ ጥርሱ ይተርፋል። «ዲፈረንሻሉ አልቋል» የሚለው ቃል ሁለቱን ስለማይለይ መካኒክህን ይህን ጠይቀው፦ ጥርሱ ነው ወይስ ኩሽኔታው?

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ምስክር ዘይቱ ነው። የመሙያውን ቡሽ ሳትፈታ የማፍሰሻውን አትክፈት፤ መሙያው አልፈታም ብሎ ዘይቱ ያለቀበት መኪና መንገድ ላይ መቅረት የተለመደ ነው። ማግኔት ባለው ቡሽ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ሊጥ መሰል ነገር የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ጥፍር የሚያህል ፍንካች ወይም መርፌ የመሰለ ስብርባሪ ካለ ግን «ዲፈረንሻሉ አልቋል» ያለህ መካኒክ እውነቱን ነው። ዘይቱ ወተት የነካው ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል። ይህ በሞፈር ውሃም ሆነ በጀማ በኩል ወንዝ ለሚሻገር መኪና እንግዳ ነገር አይደለም። ሞቆ የመጣ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በፓራኦሊዮው በኩል ይስባል። አክስሉ አናት ላይ ያለችውን ትንሿን መተንፈሻ ነቅለህ አጽዳት። «ከክረምቱ ወዲህ» ስላልከኝ ይህን ሳታይ እንዳታልፍ። አዲሱ ዘይት ለዲፈረንሻል ጂኤል 5 የሚል 80 ደብሊው 90 ቢሆን ይስማማል። ለካምቢዮው (ለዋናው የማርሽ ሳጥን) ግን በውስጡ የነሐስ ቀለበቶች ስላሉ አምራቹ በመጽሐፉ ካዘዘው አትውጣ።

በነገራችን ላይ የደብረ ብርሃንን ብርድ አትርሳ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት መኪና ዘይቱ ወፍሮ ጠዋት ቢያጉረመርም ወይም ማርሹ ቢጠነክር አያስገርምም። ድምፅ የምትፈትሸው መኪናው ከሞቀ በኋላ ነው።

ስለ አገባቡም ልጠይቅህ። ሀቦቹ ፍሪ ላይ እያሉ እየነዳህ ትንሿን ማርሽ የምትጎትት ከሆነ የቆመውን የፊት ሻፍት ከሚሮጠው ጥርስ ጋር በግድ ታጋጫለህ፤ «ክርርር» ማለቱ አይቀርም። አስቀድመህ ቁም፣ ሁለቱንም ሀቦች እስከ መጨረሻው ቆልፍ፣ ከዚያ ኤች 4 ይገባል። ኤል 4 ደግሞ መኪናው ሲቆም ብቻ። ሀቡ በሎክና በፍሪ መካከል ተሰቅሎ ከቀረም ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ እየተፋጩ ያንገጫግጫሉ፤ ግራሶው የደረቀበት ሀብ ይህን ይወዳል። አንዱ ብቻ ተቆልፎ ሌላው ፍሪ ከቀረ መኪናው ጭቃ ላይ ከፊት አይጎትትም፤ ሹፌሩ ግን ፎር ዊል ያስገባ ይመስለዋል።

ትራንስፈሩን መቼ ታወርዳለህ? ድምፁ በሦስተኛው ዙር መጥቶ በሁለተኛው ከጠፋ፤ ወይም ኤል 4 ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፤ ወይም ፎር ዊሉ አቀበት ላይ በራሱ ዘልሎ ከወጣ። የመጨረሻው የማርሽ ሹካው ወይም ተንሸራታቹ ጥርስ መበላቱን ያሳያል፤ እሱን ማዳመጥ ሳይሆን መፍታት ነው የሚያድነው። የአንተ ሞዴል ትራንስፈር በጥርስ የሚሠራ ነው። እንደ ፓጄሮ ሰንሰለት የለውም፤ ስለዚህ «ሰንሰለቱ ረዝሟል» የሚልህ ሰው ካለ ሌላ መካኒክ ፈልግ። ከመወሰንህ በፊት ግን የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን የዘይት ልክ አንድ ላይ እይ። በእነዚህ መኪኖች በሁለቱ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ ሲያረጅ ዘይት ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ ይሻገራል። አንዱ ጎድሎ ሌላው ከልኩ በላይ ሞልቶ ካገኘኸው መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ካምቢዮህ እየደረቀ ነው፤ ያኔ ድምፅ ኖረም አልኖረ ሥራው አይቆይም።

የእኔ ግምት? ቀጭ ቀጩ ጆይንቱ ነው። ጉምጉምታው የፊት ሻፍቱ ክሮቼራ ነው፤ እሱ ካልሆነ ውሃ የነካው የፒኞን ኩሽኔታ። የማርሿ እምቢታ ደግሞ አስፋልቱ ወይም እኩል ያልሆኑት ጎማዎች። ገንዘብህን በዚህ ቅደም ተከተል አውጣ፦ መጀመሪያ የጎማ ልክ፣ አየርና ግራሶ፤ ቀጥሎ የዲፈረንሻል ዘይትና መተንፈሻ፤ ከዚያ ክሮቼራ፤ ከዚያ የፊት ጎማዎቹን አስፈትቶ ጆይንት፣ ፓራኦሊዮና ኩሽኔታ በአንድ ጊዜ። ሁለቱንም ጎን አብረህ አሠራ፤ አንዱ ካለቀ ሌላው ሩቅ አይደለም። ኩሽኔታ ለመግዛት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትወርድ ወይም ሰው ስትልክ አሮጌው አብሮ ይሂድ፤ ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሻጩ አፍ ይበልጣል። የጃፓን ኩሽኔታ ከአስመሳዩ በእጥፍ ቢወደድም እዚህ ቦታ ላይ ርካሹን አልመክርህም፤ ለመፍታትና ለመግጠም የምትከፍለው ጉልበት ለሁለቱም አንድ ነው።

አራቱን ዙር ከነዳህ በኋላ ድምፁ በየትኞቹ እንደመጣ፣ በአቀበት ወይስ በቁልቁለት እንደጨመረ፣ ጎማዎችህ ዙሪያቸው ስንት ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ። የሚወጣውን ዘይት ደግሞ በንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ቀድተህ አንድ ሌሊት አስቀምጠውና ከታች የተቀመጠውን በብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ውሃ ካለበት በማግሥቱ ከዘይቱ ሥር ለብቻው ሊለይ ይችላል፣ ካልተለየም ደብዛዛ ቀለሙ ይበቃኛል።